የእትዬ ብርቅነሽ ግራ እግር

ሃዋ ስትደውልልኝ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሃዋ፣ በዚህ የወደብ ከተማ አርሂባ በሚባለው ሰፈር በምንኖርበት ሕንጻ በር ላይ ሳምቡሳ የምትሸጥ ሶማሌ ጎረቤታችን ናት። አማርኛ የተማረችው ከእኛው ሕንጻ ሴቶች ስለሆነ ስትናገር እንደ እነሱ ትቸኩላለች። ያን ጠዋት ግን አልቸኮለችም።

«ሰብለ፣ አባዮ፣ እህቴ፣ ብርቄ ሄደች። ማታ ደህና ተኛች፤ ጠዋት አልተነሳችም።»

ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁ። ሃዋ ቀጠለች።

«ቀብሩ ከሰዓት ነው። ግን ማሞ አረንጓዴዋ መኪና ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ቄሱ ለመኑት፣ እኛም ለመንነው። ‹እሷን በሰው መኪና ተከትዬ አልሸኝም› ነው የሚለው። ዋላሂ፣ አንድ ነገር አድርጊ።»

«የት ጋ ነው የተቀመጡት?»

«ያው በቦታው ነዋ! በቀኝ።»

ስልኩን ዘግቼ ቦርሳዬን አነሳሁ። የመኪናዋ መሪ በግራ ነው። ጋሽ ማሞ በቀኝ ከተቀመጡ በግራ የሚገባ ሰው እየጠበቁ ነው ማለት ነው። በግራ የምትገባው ደግሞ ሁልጊዜ እትዬ ብርቅነሽ ነበረች።

እትዬ ብርቅነሽን «እሷ» እያልኩ የምጽፈው ንቄያት አይደለም። ልጅ ሳለሁ አንድ ጊዜ «እርስዎ» ብላት መቀሷን አስቀምጣ ወደ ኋላዋ ዞረችና፣ «ማንን ነው? ከጀርባዬ ሰው ቆሟል እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ደፍሬ አንቱ ብያት አላውቅም። ባሏን ጋሽ ማሞን ግን እስከ ዛሬ አንቱ ነው የምላቸው።

ቤታቸው ከእኛ በታች፣ ምድር ላይ ያለው ነበር። ልብስ ሰፊ ነበረች። የሃዋን ሽቲ ቀሚስ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የወደብ ሠራተኛ ቱታ፣ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ፣ ሁሉንም በዚያች በእግር በምትረገጥ የስፌት መኪናዋ ትሰፋ ነበር። በሙቀቱ ወራት መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ሰፊዎች በሙሉ ወጥተው ደጅ ይቀመጣሉ፤ የእሷ መርፌ ግን አይቆምም። አጭርና ቀጭን ሴት ነበረች። ግራ ባቷ ብቻ ከሌላ ሰው የተዋሰችው ይመስላል፤ ቀኝ እግሯን ወንበሩ ሥር አጥፋ በግራው ብቻ ነበር የምትረግጠው።

ሥራ ስትጀምር የማትዘለው ነገር ነበራት። ጫማዋን ታወልቃለች። ግራ ውስጥ እግሯን በቀኝ ባቷ ጠረግ ታደርጋለች። ከዚያ ነው መርገጫው ላይ የምታሳርፈው። ለምን እንደምትጠርገው አንድ ቀን ጠየቅኋት።

«አቧራ ካለ ጨርቁ የሚለኝን አልሰማም» አለችኝ።

እንደ ቀልድ ቆጥሬው ነበር።

ጋሽ ማሞ የባቡር ቤተሰብ ልጅ ናቸው። አባታቸው በባቡር ሥራ ከድሬዳዋ መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ እሳቸውም ባቡሩ እስኪቆም ድረስ በጥገና ሠሩ። ባቡሩ ሲቆም የሥራ ባልደረቦቻቸው ከሰዓቱን በጫት መግፋት ያዙ። ጋሽ ማሞ ግን አረንጓዴዋን አመጡ። አንድ የውጭ አገር ሰው ጥሎ የሄዳት፣ ሁለት በር ያላት፣ አፍንጫዋ የረዘመ አሜሪካን ሠራሽ መኪና ነበረች። ሞተሯ ሞቶ ለዓመታት አጥር ሥር ፍየል ሲጠለልባት ኖራለች። ትልቅ ሞተር ከዱባይ በመርከብ አስመጥተው ገጠሙላት። ሲያስነሷት የመስኮታችን መስታወት ይንቀጠቀጣል። እናቴ ታማትባለች፣ ሃዋ ደግሞ «ባቡሩ ተመለሰ!» እያለች ታጨበጭባለች።

ችግሩ ፍሪሲዮኗ ነበር። ፍሪሲዮን ሞተሩን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ክፍል ነው። ሾፌሩ በግራ እግሩ ሲረግጥ ሞተርና ጎማ ይላቀቃሉ፤ ሲለቅ ይያያዛሉ። የአረንጓዴዋ ፍሪሲዮን ለቀድሞው ደካማ ሞተር የተሠራ ስለነበር በሜዳው ያገለግላል፣ ዳገት ላይ ግን አዲሱ ሞተር ሲያገሣ ይንሸራተታል። ጩኸቱ የአውሮፕላን፣ አካሄዱ የግመል ይሆናል። አንድ ዓርብ ጋሽ ማሞ ሸሚዛቸውን አስተኩሰው ከፍታው ላይ ወዳለው ባልባላ ሰፈር ሲወጡ፣ ሃያብለ የሚባለው መንደር ሳይደርሱ ዳገቱ መሃል ቀጥ አለች። ከሥሯ ጭስ ወጣ። የሚኒባስ ረዳቶች እየተሳሳቁ ገፍተው ቁልቁል አዞሯት።

«ሙሴ፣ ድምፁን ብቻ ሽጥልን! ለሰርግ ይሆነናል!» አሏቸው፤ ሙሴ እዚህ እንደ ፈረንሳዮቹ «ጌታዬ» ማለት ነው።

ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። እትዬ ብርቅነሽ ውሃ አቀበለቻቸው እንጂ ምን ሆንክ አላለቻቸውም። ጠጥተው ሲጨርሱ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ «ሞተር ጉልበት ነው፤ ፍሪሲዮን እጅ ነው። እጅ የሌለው ጉልበተኛ ምን ይጨብጣል?» አሉ። ወዲያው ዱባይ ላለው የወንድማቸው ልጅ ደውለው ለኃይለኛ ሞተር የሚሠራውን ዓይነት ፍሪሲዮን አዘዙ።

ሳጥኑ ሲከፈት እኔም እዚያ ነበርኩ፤ ቀሚስ ልለካ ወርጄ። የድሮው ዲስክ ዙሪያውን ለስላሳ ሽፋን ነበረው። የአዲሱ ጠርዝ ላይ ግን ብስኩት የሚያካክሉ ጠንካራ ቁርጥራጮች ተደርድረው ተጣብቀዋል። ዲስኩን የሚጫነው የሰሃኑ ስፕሪንግ ደግሞ ሰው ቢቆምበትም ንቅንቅ የሚል አልመሰለኝም። እትዬ ብርቅነሽ ዲስኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ብስኩቶቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻቸው።

«ይኼ ጨርቅ አይደለም» አለች። «ጥርስ ነው።»

«ታዲያስ!» አሉ ጋሽ ማሞ ደስ ብሏቸው። «ይነክሳል እንጂ አይንሸራተትም።»

የሕንጻው ወንዶች ተጋግዘው ካምቢዮውን፣ የማርሹን ሳጥን፣ አወረዱ። ዲስኩ የሚያርፍበት ከባዱ የብረት ጎማ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር ወደሚገኝ ብረት መቅረጫ ቶርኖ ቤት ተወስዶ ፊቱ ተስተካከለ። ሁሉም ተገጥሞ ያለቀ ቀን ጋሽ ማሞ መሪው ኋላ ተቀምጠው ፍሪሲዮኑን ሲረግጡ የአንገታቸው ሥር ተገተረ። ማርሽ አስገቡ። ከዚያ እግራቸው ከፔዳሉ ላይ አመለጠ። መኪናዋ እንደ ፌንጣ ዘልላ የሃዋ ጠረጴዛ ጥግ ደርሳ ሞተሯ ጠፋ።

«ማሞ! ሳምቡሳዬን ብላው እንጂ አትንዳበት!»

ሁላችንም ሳቅን። እትዬ ብርቅነሽ ብቻ አልሳቀችም፤ የምታየው የባሏን ጫማ ነበር። ተንበርክካ አወለቀችላቸው። ካልሲያቸው በደም ርሷል። ጋሽ ማሞ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ እግራቸው ቆስሎ መቼ እንደቆሰለ አላወቁም ነበር። «ፔዳሉን አልሰማሁትም» አሉ፤ እውነታቸውን ነበር፤ እግራቸው መስማት ካቆመ ቆይቷል።

ቁስሉ እምቢ አለ። ለጥምቀት ሰሞን ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ከሆስፒታል ሲመለሱ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጡ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። መኪናዋ ሸራ ለብሳ ደጅ ቆማለች። መሶብ ሲቀርብላቸው አንድ ጉርሻ ቀምሰው ይመልሳሉ። ዋይስ የሚባል የሃያብለ ሰው ሞተሯን አውጥቶ ሊወስድ፣ አካሏን ለብረት ሊሰጥ ጠየቃቸው፤ እሺ አሉት። ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተስማሙ። ያለ ክርክር መስማማታቸው ነው ሁላችንንም ያስደነገጠን።

እትዬ ብርቅነሽ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። መርገጧን አቆመች።

«ትሸጥ» አለች። «ግን ከመሸጧ በፊት ያን ዳገት ትውጣ። የሰው መሳቂያ እንደሆነች አትሄድም።»

ጋሽ ማሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግድግዳው ዞሩ።

«በማን እግር?»

ከስፌት መኪናዋ ሥር ግራ እግሯን ባዶውን ዘርግታ አሳየቻቸው።

«በዚህ።»

ሃምሳን ያለፈች ሴት ናት። ብስክሌት እንኳ ነድታ አታውቅም። እኔን እስከ ደረጃው ሸኘችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መኪናዋ ከዚህ በር ወጥታ ካልተመለሰች እሱም አይመለስም» አለችኝ። «አንቺ ፈረንሳይኛ ታነቢያለሽ። የመንገዱን ሕግ ታነቢልኛለሽ።»

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ የምፈልግበት ወቅት ነበር። ሁዳዴን ሙሉ ከሰዓት በኋላ እየወረድኩ የመንጃ ፈቃዱን መጽሐፍ አነበብኩላት። እሷ እየሰፋች ታዳምጣለች። ቅድሚያ ስለመስጠት ሳነብ፣ «በዚህ ከተማ ይኼንን ለማን ነው የጻፉት?» ትላለች። የሕጉ ፈተና ሲደርስ አብሬያት ሄድኩ፤ ስም ሲጠራ የእኔም ስም ተጠራ። ሳትነግረኝ አስመዝግባኛለች። እኔ ሰው ፊት ስሜን ስናገር እንኳ ድምፄ የሚጠፋብኝ ልጅ ነኝ። ዞሬ አየኋት።

«ምን ታይኛለሽ?» አለችኝ። «አንብበሽው የለ?»

መንዳቱን ግን ዓርብ ዓርብ ጠዋት፣ ከባድ መኪኖች በሚያድሩበት ባዶ ሜዳ ላይ ነበር የምትለማመደው። ጋሽ ማሞ በቀኝ፣ ክራንቻቸውን በጉልበታቸው መሃል አድርገው። እኔ ከኋላ። መጀመሪያ የሠራችው ስሕተት የሰፊ ስሕተት ነው። የስፌት መኪና መርገጫ ይወዛወዛል፤ እግር ሙሉ በሙሉ አይለቀውም። እሷም ፍሪሲዮኑን ረገጥ ለቀቅ፣ ረገጥ ለቀቅ ታደርገው ነበር። መኪናዋ ትዘላለች፣ ትጠፋለች፣ የሚቃጠል ነገር ይሸታል። ጋሽ ማሞ ክራንቻቸውን ወለሉ ላይ ይደልቃሉ።

«አትስፊው! አንቺ ሴትዮ፣ አትስፊው!»

ጥላ ሥር የተቀመጡ የወደብ ሠራተኞች፣ «እማማ፣ አዝራር ትከዪልኝ?» ይላሉ።

ወረደች። የምትተወው መስሎኝ ነበር። ጫማዋን አውልቃ ለእኔ ሰጠችኝ፣ ተመልሳ ገባች፣ ግራ ውስጥ እግሯን በቀኝ ባቷ ጠረግ አደረገች። ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረገጠችና ዝም ብላ ያዘችው። አንድ ነገር ታዳምጥ ነበር። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ለቀቀችው። አረንጓዴዋ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ወጣች። የእኔ ጭንቅላት ከኋላ መስታወቱ ጋር ተጋጨ፤ የሠራተኞቹ ሳቅ ከኋላችን ቀረ።

«ገባኝ» አለች ስትቆም። «መሃል የለውም። ወይ መያዝ፣ ወይ መልቀቅ። የሚቃጠለው መሃል ላይ ሲቆዩ ነው።»

ለጥቃቅን ነገር ሁሉ ይህን አባባል ከዚያ ወዲያ ትጠቀምበት ነበር። እኔንም አንዳንድ ዓርብ መሪው ኋላ አስቀምጣኛለች። እየፈራሁ ቀስ ብዬ ስለቅ ሞተሩን አጠፋባታለሁ። «አንቺ መሃሉ ላይ ነው የምትኖሪው» አለችኝ አንድ ቀን፣ ያለ ክፋት። ከዚያ በኋላ አልሞከርኩም።

በመንዳቱ ፈተና ቀን የመንጃ ትምህርት ቤቱ ትንሽ መኪና ቀረበላት። በአረንጓዴዋ የለመደ እግሯን ስታሳርፍ ፔዳሉ ወለሉን ደለቀ። ፈታኙ ደንግጦ፣ «ማዳም፣ ምን ሆኑ?» አላት።

«ሙሴ፣ ይኼ ፍሪሲዮን የለውም» አለችው በአማርኛ። «ሊጥ ነው የረገጥኩት።»

ከኋላ ተቀምጬ ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር። «በጣም ለስላሳ ነው ትላለች» ብዬ በፈረንሳይኛ ተረጎምኩ። ሁለታችንም አለፍን።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፤ ማርሹ። ቀኝ እጇ የማርሹን ዘንግ ለማግኘት ስትዳብስ ዓይኗ ከመንገዱ ይነሳል። አንድ ዓርብ እንደዚያ ስትዳብስ የጋሽ ማሞ ግራ እጅ ተዘርግቶ ዘንጉን ያዘና ወደ ሁለተኛ ከተተው። እሷ መንገዱን እያየች ለቀቀች። በሚቀጥለውም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ በኋላ ዘንጉን ነክታው አታውቅም። እሷ ትረግጣለች፣ እሳቸው ያስገባሉ፣ እሷ ትለቃለች። ከኋላ ሆኜ ማን ማንን እንደሚያዝ ለመለየት ብዙ ሞክሬአለሁ። አንድም ጊዜ «አሁን» ሲባባሉ አልሰማሁም። ጥርስ ያለው፣ ምሕረት የማያውቅ ፍሪሲዮን ነው፤ አንዳቸው ትንሽ ቢዘገዩ ካምቢዮው ይጮኻል። አልጮኸም።

«እንዴት ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«እጁን ከማንሳቱ በፊት ትከሻው ይነግረኛል» አለችኝ።

የፋሲካ ማግስት ለዋይስ ደውላ፣ አንተ አትምጣ፣ እኛ በርህ ድረስ እናመጣታለን አለችው። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ራሷ በሰፋችው ትራስ ላይ ከፍ ብላ ተቀመጠች። ጋሽ ማሞ ያንኑ ሸሚዝ አስተኩሰዋል። ሃዋ ሳምቡሳ በጋዜጣ ጠቅልላ በመስኮት አቀበለችኝና፣ «ብርቄ፣ ሸጠሻት ስትመለሺ ማሞን ማን ያዝለዋል?» አለች። ቀልድ ነበር፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

የአምቡሊን ድልድይ አለፍን። ዳገቱ ፊት ለፊታችን ቆመ። ሚኒባሶቹ እንደ ወትሮው በቀኝ ተደርድረው ያቃስታሉ፤ ረዳቶቹ አረንጓዴዋን ሲያዩ ከሩቁ ማፏጨት ጀመሩ። እትዬ ብርቅነሽ ረገጠች። የጋሽ ማሞ እጅ ተንቀሳቀሰ። ለቀቀች፣ ነዳጅ ሰጠች፤ ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ። መንሸራተት የለም፣ ሽታ የለም። ሞተሩ የሰጠውን ሁሉ ጎማው ተቀበለ። ያን ያህል ጉልበት እንደ ጨርቅ ታጥፎ ለአንዲት ቀጭን ሴት እግር ሲታዘዝ አየሁ፤ አፌን መዝጋት አቃተኝ። ሚኒባሶቹን አንድ በአንድ አለፍናቸው። አንዱ ረዳት ያወጣው ፉጨት መሃል ላይ ሲቋረጥ ሰማሁ። ጋሽ ማሞ አይስቁም፣ አያለቅሱም፤ እጃቸው ዘንጉ ላይ እንዳለ ከንፈራቸውን ነክሰው መንገዱን ያያሉ። ከሆስፒታል ከወጡ ጀምሮ እንደዚያ ነገር ሲያዩ አላየኋቸውም ነበር።

ዋይስ በሩ ላይ ከልጆቹ ጋር ቆሞ ይጠብቃል። እጁን አነሳ።

እዚህ ላይ የሆነውን ሁለቱ በሁለት መንገድ ነበር እስከ መጨረሻው የሚያወሩት። እትዬ ብርቅነሽ፣ «እኔ ፍሪሲዮኑን የረገጥኩት ልቆም ነው። ማርሹን የጨመረው እሱ ነው» ትላለች። ጋሽ ማሞ ደግሞ፣ «ፍሬን መቼ ነካች? ባትነካ ነው የጨመርኩት» ይላሉ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። እጃቸው ወደ ላይኛው ማርሽ ሲገፋና ቀኝ እግሯ ነዳጁ ላይ ሲወርድ አንድ ጊዜ ነበር። ዋይስ እጁን እንዳነሳ በበሩ አለፍነው። በአቧራው ውስጥ እጁ እንደተነሳ ቀረ።

ሃያብለን ጨርሰን ስናዞር ጋሽ ማሞ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰውየውን ምን ልንለው ነው?»

«ይቅርታ እንጠይቀዋለን» አለች። «ስንመለስ ቀስ ብለን እናልፋለን።»

ያን ጊዜ ጋሽ ማሞ ሳቁ። «ሰብለ፣ ያን ሳምቡሳ አምጪው» አሉኝ። ሁሉንም በሉት፤ ለእኔ አንድ አላስተረፉልኝም።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት እሑድ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን፣ ዓርብ ዓርብ ለንፋሱ ይወጡ ነበር፤ እሷ በግራ፣ ባዶ እግሯን፤ እሳቸው በቀኝ፣ እጃቸው ዘንጉ ላይ። ሰፈሩ ለመደው። እኔ አልለመድኩትም። ሥራ ይዤ ከቢሮ ስመለስ የአረንጓዴዋን ድምፅ ከሰማሁ ቆሜ እስክታልፍ አያለሁ።

በቀብሩ ቀን ከሥራ አርሂባ ስደርስ ሬሳው በቤተ ክርስቲያኑ መኪና ተጭኖ ነበር። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢውን ሞልቶታል። ቄሱ ሰዓት ያያሉ። አረንጓዴዋ በቦታዋ ናት፤ ጋሽ ማሞ በቀኝ፣ ግራ እጃቸው ማርሹ ላይ። ማንንም አያዩም።

«መጣች!» አለች ሃዋ። ሕዝቡ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

 እግሬ መሃል ላይ ቆመ። ከዚያ ሄጄ የግራውን በር ከፈትኩ። ትራሷ ወንበሩ ላይ ነበር፤ አላነሳሁትም። የፔዳሉ ጎማ የእሷ አውራ ጣት ያርፍበት የነበረው ቦታ ጎድጉዷል።

ጫማዬን አወለቅሁ። ግራ ውስጥ እግሬን በቀኝ ባቴ ጠረግሁ።

ጋሽ ማሞ ይህን አዩ። እጃቸው ግን ከዘንጉ አልተነሳም።

«ከባድ ነው» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

ቁልፉን አዞርኩ። መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ። የቤተ ክርስቲያኑ መኪና ከፊታችን ተንቀሳቀሰ። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ረገጥኩና ያዝኩት።

እጃቸውን ከማንቀሳቀሳቸው በፊት ትከሻቸው ነገረኝ።